አበባ ይዞ የሚመጣው ልጅ

ሚያዝያ 4፣ ከት/ቤት መልስ
ጨረስኩት፣ ማስታወሻዬ። አንድ ልብ ወለድ ሙሉ፣ አንድ ሳል ብቻ። ልጅቷ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሳንባዋን ታማ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ እየሞተች ነው፤ ፀጉሯ ግን አንድ ቀን አልተንጨባረረም። ፍቅረኛ ተብዬው በየምዕራፉ አበባ ይዞ ሆስፒታል ከች! አበባ! በሽተኛ ሊጠይቅ ብርቱካን የማይገዛ ጎረምሳ ደራሲው ከየት አመጣው?

ሚያዝያ 6
የምመራው የሥነ ጽሑፍ ክበብ። ክልሉ አዲስ፣ ክበቡ አዲስ፤ ወንበር ግን ገና አልደረሰንም፣ ተማሪው ቆሞ ይስቃል። መጽሐፉን በክብር ቀበርኩት። መሐረቤን አፌ ላይ አድርጌ፣ ጠረጴዛው ላይ ተዘርሬ «ሞትኩ»። ር/መምህሩ እንኳ ዕንባውን ጠረገ። ብይኔ፦ ይህ ደራሲ የበሽተኛ ደጅ ረግጦ አያውቅም!
አንዱ ከኋላ፣ ሐዋም እኮ ሆስፒታል ናት አለ።
ሳቁ ቀጥ። ሐዋ፣ የ11ኛ ሐ፣ መስኮት ሥር የምትቀመጠው። እሷም ሳንባዋን። አላወቅሁም እንዳልል፣ ስም በጠራሁ ቁጥር ይነግሩኛል።

ሚያዝያ 7፣ ረፋድ
የሐዋ እናት ት/ቤት መጣች፤ አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም። «መምህር፣ ሐዋ የሚነበብ ይፈልጋል።» እጄ ላይ ያለው ያው መጽሐፍ ነው፤ ሰጠኋት። «አንተ ለምን አይመጣም?» አለችኝ። ፈተና አልኩ፣ ስብሰባ አልኩ፣ የክልሉን ጉዳይ ሁሉ ተሸከምኩ። እውነቱን ላንተ ብቻ፦ ሳሏን ፈራሁ።

ሚያዝያ 13
እናትየው መጽሐፉን መለሰች። ሐዋ ወዳዋለች! ደጋግማ አንብባዋለች። ስለ ልጅቷ አሟሟት አንዲት ቃል የለም። ጥያቄዋ ስለ ልጁ ነው። «እንደዚህ ልጅ ሁልጊዜ የሚመጣ ሰው እውነት አለ ወይ? መምህር ያውቃል፣ ጠይቂልኝ ብሏል።»
ከክፍሏ ማንም አልሄደም። ነገ ማለዳ ለተሻለ ሕክምና ወደ አዲስ አበባ ይወስዷታል።
ጠረጴዛ ላይ ስሞት አፍ ነበረኝ። ዛሬ መጽሐፉን ተቀብዬ ወደ ቢሮ ሸሸሁ። የሳቅሁበት ጎረምሳ የሆስፒታሉን በር ያውቀዋል። እኔስ?

ያው ቀን፣ 10 ሰዓት
ማንጎ ገዛሁ። የሆስፒታሉ አጥር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ። ከውስጥ ሳል ይሰማኛል። የመጽሐፉን አይመስልም፣ አያምርም። ብድግ እላለሁ፣ ቁጭ እላለሁ። ጀግናው መምህር!
እናቷ በመስኮት አየችኝ። ወደ ውስጥ ዞራ ተጣራች፦ «ሐዋ! መጣ!»
በቃ፣ ልዘጋህ ነው። ማንጎውን ይዤ ልግባ።