የመለያው ባለቤት ከበረንዳዬ ፊት ለፊት ናት

ይድረስ ለኩርቫንታ ሶፍትዌር ኩባንያ የደንበኞች እርካታ ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ለተደረገልን ሁሉ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለይለፍ ቃሎችዎ በሙሉ የማይቋረጥ ጤና እመኛለሁ። እኛ በፓስፊክ ውቅያኖስ መሃል በራሮቶንጋ ደሴት በቲቲካቬካ መንደር የምንኖር ሰዎች ከጉንዳንና ከኩባንያዎ በቀር የሚያስቸግረን ነገር ስለሌለ ደህና ነን።

ስሜ ኡፖኮይና ቱሩአ ይባላል። ዕድሜዬ ስልሳ ስምንት ነው። ረዳቶችዎ ባነጋገርኳቸው ጊዜ ሁሉ በሟች እህቴ በቴፓኤሩ ስም ሲጠሩኝ ስለቆዩ ክቡርነትዎ በራሴ ስም ባያውቁኝ ቅር አይለኝም፤ እኔም አንዳንድ ቀን ጠዋት ስነሳ ለማረጋገጥ መስታወት ማየት ጀምሬ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። በእኛ አገር ቲቫኤቫኤ የሚባል የአልጋ ልብስ እንሠራለን። አንዱ ጨርቅ ስምንት ቦታ ታጥፎ በአንድ ጊዜ ይቆረጥና፣ ሲዘረጋ የሚወጣው ቅጠልና አበባ ሌላ ቀለም ባለው ጨርቅ ላይ በእጅ ይሰፋል። ስለዚህ ንድፉን የምታወጣው ሴት የምትስለው አንድ ስምንተኛውን ብቻ ነው። ቲቫኤቫኤ ለሙሽራ ይሰጣል፣ የምንወደው ሰው ሲሞትም ተጠቅልሎበት ይቀበራል። በመንደራችን ንድፍ የምታወጣው እህቴ ነበረች። እጇ መንቀጥቀጥ ሲጀምራት መቀሱን ለሌሎች ሰጠችና የእርስዎን የሥዕል ፕሮግራም ገዛች። «መቀስ አንዴ ከቆረጠ ቆረጠ ነው፤ ይሄ ግን ተመለስ ሲሉት ይመለሳል» እያለች ትስቅ ነበር። ከሥራዎቿ ሁሉ የሚበልጠውን፣ ነጭ ላይ ቀይ፣ እንደ ጣት የተከፋፈለ የዳቦ ዛፍ ቅጠል ያለበትን ቲቫኤቫኤ ንድፍ የሠራችው በዚሁ ፕሮግራም ነው። አትማ ሰጠችን፣ ቆረጥነው፣ ስምንት ሴቶች ሆነን አንድ ዓመት ሰፋነው። ስንቆርጥ ግን የመጨረሻዋን ቅጠል «ይቺን ለእኔ ተዉልኝ» ብላ፣ ጨርቁ ስምንት ቦታ እንደታጠፈ በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጇ ራሷ ቆረጠች።

የዛሬ ሁለት ዓመት ስትሞት በዚያው ቀይ ቲቫኤቫኤ ጠቅልለን እንደ ወጋችን ከቤታችን ደጃፍ ቀበርናት። መቃብሯ ከበረንዳዬ ሃያ እርምጃ ነው። የታተመው ወረቀት ከጠፋ ቆይቷልና ከቅጠሉ የቀረን በፍላሽ የተቀመጠው ፋይል ብቻ ነበር፤ ቢያንስ እኛ የመሰለን እንደዚያ ነበር።

ከዚያ በኦክላንድ የምትኖረው ልጇ ንጋሜቱዋ ደወለች። «አክስቴ፣ ላገባ ነው» አለችኝ። በደስታ ስንጯጯህ ቆየንና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ሌላ ስጦታ አልፈልግም። የእማዬን ቀዩን ስሩልኝ» አለች። እሺ አልኳት። ክቡርነትዎ፣ እሺ ያልኩት ኩባንያዎን ተማምኜ ነው፤ በዕድሜዬ ከሠራኋቸው ስህተቶች ይህኛው የመጀመሪያውን ረድፍ ይይዛል፣ የመጀመሪያ ባሌን ጨምሬ ማለቴ ነው። እንግዲህ ምስጋናዬን በየተራ ላቅርብ።

አንደኛ፦ ከአንድ ዓይነት ኮምፒውተር ወደ ሌላ ዓይነት መሻገር ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። የእህቴ ኮምፒውተር ባለፈው የዝናብ ወራት ጉንዳን ሰፍሮበት ሞተ። ወንድሜ ታንጊ ከኦክላንድ አዲስ ይዞልኝ መጣ። የሌላ ዓይነት ነበር። «አትጨነቂ፣ ያው ነው፤ ሁሉም እንደነበረው ይሠራል» አለኝ። ወንድሜ በስድሳ ዓመት ውስጥ ያው ነው ብሎኝ ያው የሆነ ነገር የለም። በአዲሱ ኮምፒውተር የመዝጊያዋ ምልክት ከቀኝ ወደ ግራ ስለተዛወረች ሁለት ሳምንት ሙሉ የምፈልገውን ስዘጋና የማልፈልገውን ስከፍት ከረምኩ። ይህ ግን የእርስዎ ጥፋት አይደለምና አልፈዋለሁ። የእርስዎ የሆነው ቀጥሎ የመጣው ነው። ፕሮግራምዎን በአዲሱ ላይ ጭኜ የእህቴን ፋይል ስነካው እንዲህ የሚል ጽሑፍ ወጣ፦ «ይህ ፋይል የተሠራው በሌላ ዓይነት ኮምፒውተር ነው። እባክዎ በቀድሞው ኮምፒውተርዎ ከፍተው ይለውጡት፣ ወይም የመለያው (የአካውንቱ) ባለቤት ፋይሉ እንዲለወጥላት ትጠይቅ።» በቀድሞው ኮምፒውተር የሚኖሩትን ጉንዳኖች ለመጠየቅ ሞከርኩ፤ ፈቃደኛ ሆነው አላገኘኋቸውም።

ሁለተኛ፦ ከሥዕሉ ፕሮግራም ጋር አብሮ ለሚሸጡት የጽሑፍ መጻፊያ ፕሮግራምዎ ምስጋናዬ የቤተ ክርስቲያናችንንም ይጨምራል። የመዝሙር ወረቀቱን የምጽፈው እኔ ነኝ። ወደ አዲሱ ኮምፒውተር ባሻገርኩት ጊዜ በላያቸው ምልክት ያለባቸው የቋንቋችን ፊደላት ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆኑ፤ እኔም መነጽሬን ረስቼ ነበርና ሳላይ አተምኩት። በእሑዱ ጉባኤ ቀጭን ድምፅ ያላቸው ሴቶች፣ ሶፕራኖዎቹ፣ መዝሙሩን በቃላቸው ስለሚያውቁት ቀጠሉ። ወፍራም ድምፅ ያላቸው ወንዶች ግን ወረቀት አክባሪዎች ናቸው፤ ሳጥኑ ጋ ሲደርሱ ዝም፣ ሳጥኑ ሲያልፍ ደግሞ እንደ ነጎድጓድ። ፓስተራችን «ዛሬ መንፈሱ እየመጣ እየሄደ ነበር» ብለው በደግነት አለፉት።

ሦስተኛ፦ ረዳትዎን ኬልሲን በተመለከተ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በጽሑፍ ስታናግረኝ ገና ከመጀመሪያው «ሰላም ቴፓኤሩ! ዛሬስ እንዴት ነሽ?» አለችኝ። «ቴፓኤሩ አይደለሁም፣ እህቷ ነኝ። እሷ ሞታለች። ፋይሏን መክፈት ፈልጌ ነው» ብዬ ጻፍኩላት። መልሱ ወዲያው መጣ፦ «በጣም ያሳዝናል ቴፓኤሩ! ይህን ችግር አብረን እንፈታዋለን።» ክቡርነትዎ፣ ሞትን አብሮን እንደሚፈታ ቃል የገባልን እስካሁን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የኩርቫንታ ሠራተኛ አልነበረም። ቀጥላ የማረጋገጫ ቁጥር ወደ እህቴ ስልክ መላኳን ነገረችኝ። ስልኳ ዘፈን እንድትሰማበት ተብሎ አብሯት የተቀበረ ሲሆን፣ ባትሪው እስካሁን ይኖራል ብዬ አላስብም። የሞት ምስክር ወረቀቷን ላክሁ። ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ የመጣው መልስ ሰነዱ ተቀባይነት የሚያገኘው የመለያው ባለቤት በራሷ የይለፍ ቃል ገብታ ስታስገባው መሆኑን ገለጸልኝ።

የዚያኑ ቀን ወጥቼ የመቃብሯ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩና «ቴፓ፣ መሞትሽን ራስሽ ገብተሽ ንገሪን እያሉሽ ነው» አልኳት። መጀመሪያ ሳቅሁ። ቀጥዬ ደግሞ አለቀስኩ፤ በቀብሯ ቀን እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም። የቀበርነው ቲቫኤቫኤ ዳግም አይገኝም፤ ፋይሉ ካልተከፈተ ቅጠሏም ከእሷ ጋር ሄደ ማለት ነው። ልጇ ደግሞ በአምስት ወር ውስጥ ታገባለች፤ እኔም እሺ ብያለሁ።

አራተኛ፦ በማግሥቱ ለእህቴ ስለተላከላት የእርካታ መጠይቅ እናመሰግናለን። «አገልግሎታችን ሕይወትሽን ምን ያህል አቀለለልሽ?» የሚለውን ጥያቄ እኔ በእሷ ስም ልመልስ አልደፈርኩም።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ክቡርነትዎ ቢያውቁት ይጠቅምዎታል ብዬ አምናለሁ። ቀዩን አብረውኝ የሰፉትን ሴቶች ቤቴ ጠራኋቸው። ሁላችንም የሰፋነው ያንኑ አንድ ስምንተኛ ነውና በቃላችን እናወጣዋለን ብዬ ነበር። አንድን ቅጠል አንድ ዓመት ሙሉ ያዩ ሴቶች ምስክርነታቸው እንዲህ ይለያያል ብዬ አልጠበቅሁም። ግማሾቹ የቅጠሉ ጣቶች አምስት ናቸው አሉ። በዕድሜ ታላቃችን የሆነችው ማማ ማኪሮአ ጠረጴዛዬን እየደበደበች «ሰባት ነው! ስሰፋው ሰባቴ ተወግቻለሁ!» አለች። «አንቺ እኮ ትራስም ስትሰፊ ትወጊያለሽ» አለቻት መምህርት ቱአይኔ። ማማ ማኪሮአ ተቆጣችና «ስትቆርጡት ዙሪያውን የተረፈውን ጨርቅ የወሰድኩት እኔ ነኝ! ከእኔ በላይ ማን ሊያውቀው ነው?» ብላ ጮኸች።

ከወንበሬ ተነሣሁ። ጨርቁ ሲቆረጥ ዙሪያው የሚቀረው ማለት፣ ክቡርነትዎ፣ የቅጠሉ ጠርዝ ሳይጎድል የተቀመጠበት ማለት ነው።

«ማማ፣ የት አለ?» አልኳት።

«ካፒቴን ይተኛበታል» አለች። ካፒቴን ውሻዋ ነው።

ስለዚህ ኩባንያዎ በስንት ቁልፍና በስንት ማረጋገጫ ቁጥር ከእኛ የጠበቀውን ንድፍ ካፒቴን ከቡችላነቱ ጀምሮ ያለምንም ይለፍ ቃል ጠብቆልን ተገኘ። ከጨርቁ የተሰፋውን የውሻውን ፍራሽ ፈታን፣ ጨርቁን ሦስት ጊዜ አጠብን፣ ተኮስን፣ እንደገና ስምንት ቦታ አጠፍን። ጣቶቹ ስድስት ሆነው ተገኙ። ማማ ማኪሮአ አንዴ ቆጠረች፣ ደግማ ቆጠረች፣ ከዚያ «ሰባተኛውን ውሻው በልቶታል» አለች፤ እስከ ዛሬም በዚሁ አቋሟ ጸንታለች።

ቱአይኔ የእርስዎን ፕሮግራም ከአዲሱ ኮምፒውተሬ አጥፍታ፣ የነበረበትንም ሥርዓት ነቅላ በምትኩ ሊኑክስ የሚባል ሌላ የኮምፒውተር ሥርዓት ጫነችልኝ። ነፃ ነው፤ ማንም የማንንም ስም ሳይጠይቅ የሚሠራበት ነው። እንከን የለውም አልልም፤ ማተሚያዬ ሦስት ቀን አኩርፎ ገጹን በግማሽ ብቻ ሲያወጣልን ነበር። ፊደላታችንን ግን በነበሩበት አገኘኋቸው። የጨርቁን ፎቶ አንስታ በነፃ የሥዕል ፕሮግራም ጠርዝ ጠርዙን ተከትላ ሳለችው። የመጨረሻዋ ቅጠል ጋ ስትደርስ እጇን አቆመች። እዚያ መስመሩ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እህቴ ራሷ የቆረጠቻት ናት። ቱአይኔ «በአንድ ንክኪ ይስተካከላል፤ ላስተካክለው?» አለች። በገዛ ስማቸው እንኳ የማይስማሙት ሴቶች በአንድ ድምፅ «ተይው!» አሉ።

አራት ወር ሰፋነው። ባለፈው ቅዳሜ በሠርጉ ላይ ለንጋሜቱዋና ለባሏ ትከሻቸው ላይ ጠቀለልንላቸው። ምንም አልነገርናትም። ጣቷን በጠርዙ ላይ ስታስኬድ ቆየችና ያቺ ቅጠል ጋ ስትደርስ ቆመች። የሚቀጥለውን ስምንተኛ ፈለገች፣ እሱም ላይ አገኘችው። «አክስቴ፣ እዚህ ጋ እማዬ ናት» አለችኝ። ስምንት ቦታ ላይ ነች።

ይህ ሁሉ የሆነው በእርስዎ ምክንያት ነው። ፋይሉ ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ የምናትመው እህቴ በኮምፒውተር የሳለችውን ቀጥ ያለ መስመር ነበር፤ የእጇን መንቀጥቀጥ ፋይልዎ አያውቀውም። ስለዚህ ይህኛውን ምስጋና ያለ ፌዝ ይቀበሉኝ፦ በሩን ስለዘጉብኝ አመሰግናለሁ። አዲሱ ፋይል አሁን በስምንታችንም ቤት አለ፤ የሚከፈተውም በየትኛውም ኮምፒውተር ነው።

ለኩባንያዎ ብልጽግናን፣ ለኬልሲ ረጅም ዕረፍትን፣ ለክቡርነትዎም የመዝጊያ ምልክትዎን ሁልጊዜ ባስቀመጡበት ቦታ ማግኘትን እየተመኘሁ፣ በመላው የቲቲካቬካ ቲቫኤቫኤ ሰፊ ሴቶች ስም ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ኡፖኮይና ቱሩአ
(ቴፓኤሩ ያልሆነችው)

ግልባጭ፦
ለቴፓኤሩ ቱሩአ፣ በደጃፍ
ለካፒቴን፣ በማማ ማኪሮአ ግቢ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ልልክ ስል ከኩባንያዎ የማስታወቂያ ክፍል መልእክት ደረሰኝ። የሠርጉን ፎቶ በጋዜጣ አይተው፣ ንድፉ መጀመሪያ በኩርቫንታ መሳሉንም አንብበው፣ «በሁሉም ኮምፒውተር የሚሠራ» ለሚሉት አዲስ ፕሮግራም ማስታወቂያ ሊጠቀሙበት ፈቃድ ይጠይቃሉ። በጣም ተደስቻለሁ፤ ይሁን እንጂ ባስተማሩኝ ደንብ መሠረት ፈቃዱን መስጠት የምትችለው የመለያው ባለቤት ብቻ ናት፣ እሱንም በግንባር። ደሴቱን የሚዞረው አውቶቡስ ከቤታችን ፊት ይቆማል። ነጭ ሰድር ያለበት መቃብር ነው፣ በላዩ ሰማያዊ ጣሪያ አለው። ፍራሹ ከተወሰደበት ወዲህ ካፒቴን ቀን ቀን እዚያ ስለሚተኛ ጠንካራ ጫማ ያድርጉ። አበባ ይዘው ይምጡ፣ በትህትና ይጠይቋት፣ ከዚያ መልሷን ቁጭ ብለው ይጠብቁ። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ እየጠበቅሁ ነው።