ሳይጻፍ «ተጽፏል» አልልም

አባባ፣ ትናንት ረፋዱ ላይ መብራት ድርግም ብሎ ሲመለስ፣ የአርባ በሽተኞች የደም ምርመራ ውጤት ከሐኪም ቤቱ ኮምፒውተር ጠፍቶ ተገኘ። የእኔ ጣጣ የጀመረው ያኔ ነው። ከሰላምታ በፊት ወሬ ማስቀደሜን ይቅር ይበሉኝ፤ አንጀቴ ቢያር ነው። ለመሆኑ እንዴት ነዎት? ጉልበትዎ ደረጃውን እሺ አለ? ሳሉስ ለቀቀዎት? እኔ በአካል ደህና ነኝ።

«ሥራሽን ለሰው ማስረዳት አቃተኝ» ይሉኝ ነበር፤ በመጋዘንዎ መስዬ ልንገርዎ። መረጃ የሚከማችበት አንድ ትልቅ ዲስክ እንደ መጋዘን ለብዙዎች ይከፋፈልና እያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱ ዲስክ ያለው ይመስለዋል። ሁለት ዓመት የለፋሁበት «ላይብረሪ» የሚባል የኮድ ስብስብ፣ ፕሮግራሞች ኮምፒውተሩን በሚመራው በስርዓተ ክወናው በር ሳይሰለፉ ከዚያ ዲስክ ጋር በቀጥታ እንዲነጋገሩ ያደርጋል፤ ሐኪም ቤቱም ይጠቀምበታል። ላይብረሪው አንድ ሕግ አለው፦ ዲስኩ «አስቀምጫለሁ» ሳይል ለማንም «ተጽፏል» አይልም። ከማን እንደተማርኩት ያውቁታል፤ እርስዎ ዕቃው መደርደሪያ ላይ ወጥቶ በዓይንዎ ሳያዩ ደረሰኝ ፈርመው አያውቁም።

አለቃዬ ግን ይህ ዲስኩን መጠበቅ ፍጥነት ይቀንሳል ብሎ «ከኮዱ አውጪው» አለኝ። እምቢ ስለው «አንቺ ልጅ፣ ገና በዚህ ዕድሜሽ እንደ ባልቴት ትጠራጠሪያለሽ!» ብሎ ቢሮውን አሳቀብኝ፤ እኔም ነገሩን ለበላዮቹ ሳልነግር ተውኩት። ሰኞ ምሳ ስወጣ ጠብቆ ራሱ አወጣው። በማግስቱ መብራት ሄደ፤ «ተጽፏል» የተባለው ውጤት ገና ዲስኩ ላይ አልደረሰም ነበር። ሲመሰገን «የኛ ላይብረሪ» ይል የነበረው ሰውዬ፣ ሐኪም ቤቱ ሲጮህ «የሷ ነው» አለ። አርባዎቹ ዛሬ ክንዳቸውን ዳግመኛ ለመርፌ ሰጡ።

አሁን «ጥፋቱ የእኔ ነው» የሚል ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ፣ እስከ ነገ ካልፈረምሽ ትባረሪያለሽ ብሎኛል። አጠገቤ የሚቀመጠው ባልደረባዬም «ፈርሚና ይለፍ፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አለኝ። እኔም «ይህን ወረቀት ያመጣብኝ ዝምታዬ አይደል?» አልኩት። ማን ምን እንደቀየረ የሚይዘው መዝገብ የአለቃዬን ስም ከነሰዓቱ ይዟል፤ አትሜዋለሁ። ነገ ጠዋት ለዋና ሥራ አስኪያጇ በእጄ እሰጣለሁ።

እማዬን ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ ይህን ሲያነቡላት የመባረሩን ነገር ይዝለሉት። ታላቅ እህቴን «ያቺ ግትር እንደ ግትርነቷ አለች» ይበሉልኝ። ትንሹ ወንድሜ ጫማዬን ማድረጉን ሰምቻለሁ፤ ይመልስ!

ብባረር ሻንጣዬን ይዤ እመጣለሁ፤ አልጋዬን ለማንም አይስጡብኝ። ከእንግዲህ ግን ሌላው ላበላሸው እጄ አይፈርምም፤ ባልሠራሁት ጥፋት ሥር ስሜ አይሰፍርም።

ልጅዎ
ከሥራ ቦታዬ፣ ረቡዕ ኅዳር ፲፪ ቀን