ስለ አገኘሁሽ ድምፅ የሐጂ ዐብዱልከሪም የመጨረሻ ቃል

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

እኔ ሐጂ ዐብዱልከሪም ከማሉዲን፣ በጎንደር ከተማ በአዲስ ዓለም ሰፈር ተወልጄ፣ በዚያው በጨርቃ ጨርቅ ንግድ ያረጀሁ ሰው፣ ዛሬ ጥር 14 ቀን 2004 ዓ.ም. ረፋድ ላይ፣ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ አልጋዬ ላይ ሆኜ ይህን ቃል እሰጣለሁ። ኩላሊቴ ታሟል፤ እግሬ አብጧል፤ አእምሮዬ ግን ሙሉ መሆኑን ምስክሮቹ መርምረው አረጋግጠዋል። መሪጌታ ወልደኢየሱስ «ዛሬ ምን ቀን ነው?» ብሎ ቢጠይቀኝ፣ «ጥምቀት ካለፈ ሦስተኛው ቀን፤ የአንተም ድምፅ ከማሕሌቱ ገና አልተመለሰም» ብዬ መልሼለታለሁ።

ጸሐፊው ማመልከቻ በመጻፍ የሚተዳደረው ወልደ ዮሐንስ ነው። ቃሌን አቋርጦ የሚናገር ቢኖር የተናገረውን እንዳለ እንዲጽፍ አዝዣለሁ፤ ኋላ «እርሳቸው እንዲህ አላሉም፣ እኔም ዝም አላልኩም ነበር» የሚል ክርክር እንዳይነሣ።

አንደኛ። ቤቴ፣ ሱቄና በውስጡ ያለው ሁሉ ለባለቤቴ ለሃጂራ፣ ለልጄ ለኢምራንና ለልጄ ለያስሚን በሸሪዓው መሠረት ይከፋፈል። ሸሪዓው በደለደለው ላይ እጄን አላስገባም። ከዚህ በታች የምሰጠው ሁሉ ለፈቃዴ ከተተወልኝ ሲሶ ውስጥ ነው። ቀብሬ ዋይታ በሌለበትና ባልተንዛዛ ሥርዓት ይሁን፤ በሞትኩበት ቀን ሳይመሽ ቅበሩኝ።

ሁለተኛ። ይህኛው ትእዛዝ አይደለም፤ ልመና ነው። ከሱቁ ጀርባ ያለችው ክፍል ብዙ ዘመን የእሑድ ከሰዓት መሰብሰቢያችን ነበረች። የጭነት መኪና ነጂው አላምረው፣ መሪጌታ ወልደኢየሱስና እኔ እዚያ ተቀምጠን የድሮ ዘፈን ስንሰማ ኖረናል። ሕጋችን አንድ ነበር፤ ዘፈኑ እስኪያልቅ ማንም አይናገርም፤ ካለቀ በኋላ ግን እስኪበቃን እንከራከራለን። «ሐጂ ሆኖ ዘፈን ይሰማል» ብለው ያሙኝ ነበሩ። በዚያ ላይ የሚፈርደው አላህ ነው። እኔ የማውቀው፣ ይህች ከተማ ጎረቤትን ከጎረቤት ባጣላችበት በዚያ ክፉ ዘመን እንኳ እኛ ሦስታችን ሳንከዳዳ የቆየነው እዚያች ክፍል ውስጥ መሆኑን ነው። ኢምራን ሆይ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች በሕይወት እስካሉ ድረስ እሑድ እሑድ በሩን አትዝጋባቸው።

ኢምራን፦ «አባዬ፣ ዕቃ የማራግፍበት ቦታ የለኝም። ሁለት ሰው ዘፈን እንዲሰማ ብዬ ጨርቄን ዝናብ ላይ ልከምረው?»

ተጽፏል። መልሱን ለእርሱ ትቼዋለሁ።

ሦስተኛ። ሸክላዎቼን ሁሉ ከግራማፎኑ ጋር ለአላምረው ሰጥቻለሁ። አብዛኞቹን ከአስመራና ከአዲስ አበባ ያመጣልኝ እርሱ ነው። ሊማሊሞን ሲወጣ ብርድ ልብሱን ገፎ ሸክላዎቹን ይጠቀልልባቸውና እርሱ እየተንቀጠቀጠ ይነዳ ነበር። ፍተሻ በበዛበት ዘመንም ትክል ድንጋይ በምትባለው ከተማ ዘመዶቹ ዘንድ በጤፍ ጎተራ ውስጥ ሸሽጎ ያተረፋቸው እርሱ ነው። ከእርሱ የሚቀርብ ባለመብት አላውቅም።

አራተኛ። ለመሪጌታ ምንም አልተውኩም። ምስክሬ ስለሆነ ነው። ቅር እንደማይለው አውቃለሁ።

አምስተኛ። አሁን ሁላችሁም ወደመጣችሁበት ነገር ደረስኩ።

የአገኘሁሽ ድምፅ ያለበት የቴፕ ክር አልጋዬ ራስጌ በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ይገኛል። አገኘሁሽ የእንፍራንዝ ሰው ነበረች፤ ከአዝማሪ ቤት የተወለደች። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ እዚህ ጎንደር ጠጅ ቤት ትዘፍን ነበር። ሸክላ ያሳተመላት አልነበረም፤ ሬዲዮም አልጠራትም። አንድ እሑድ አላምረው እርሷንና ወንድሟን ይዟቸው መጣ። የክፍሏን በር ዘግተን፣ ወንድሟ ማሲንቆውን እየመታ ዘፈነችልን፤ እኔም በክር ቴፕ ቀዳሁት። ከዚያ ውጭ ድምፅዋ የተያዘበት ነገር በዓለም ላይ የለም።

ዘፈኗን በባቲ ቅኝት ትጀምርና መካከል ላይ ወደ አንቺ ሆዬ ትዞራለች። አላምረው «ማሲንቆው ነው ያሳሳታት» ይላል። መሪጌታ «የለም፣ እርሷ ናት የመራችው፤ ወንድሟ ደንግጦ ነው የተከተላት» ይላል። እኔ አንድ ጊዜ ለአንዱ፣ አንድ ጊዜ ለሌላው እፈርዳለሁ። በዚያች ቅጽበት ላይ ስንከራከር ሦስታችንም ሸበትን።

ልጇ ምንይችል ተማሪ ቤት ሲገባ ልጆች «የአዝማሪ ልጅ» እያሉ አስለቀሱት። ከዚያ ወዲያ አገኘሁሽ አልዘፈነችም። በርበሬ እየቸረቸረች አስተማረችው፤ መሐንዲስም ሆነላት። አልፎ አልፎ እሑድ ፊቷን በነጠላ ሸፍና ትመጣና ጥግ ተቀምጣ ራሷን ትሰማ ነበር። ክሩ ሲያልቅ «ያች ሴት ጎበዝ ነበረች» ብላ ትወጣለች። ለመጨረሻ ጊዜ ስትመጣ፣ ያን ጊዜ ደረቷን ታማ ነበር፣ እንዲህ አለች፦ «ዝም ያልኩት ለልጄ ብዬ ነው። ስሞት ድምፄ የእርሱ ነው፤ ቢፈልግ ይስማው፣ ቢፈልግ ይቅበረው።» አላምረውም መሪጌታም ሰምተዋል።

አላምረው፦ «ስቃ ነው የተናገረችው! ጨዋታ ነበር፤ አንተም ታውቃለህ።»

አልሳቀችም።

አላምረው፦ «ስቃለች እላለሁ!»

መሪጌታ ተጠይቆ እንዲህ አለ፦ «ፊቷ ተሸፍኖ ነበር። ሳቅ ይሁን ሳል ለይቼ አልምልም።»

አምና አላምረው ክሩን በካሴት ገልብጦ ለሚወደው ሾፌር ሰጠ። ክፉ አስቦ አይደለም፤ ድምፅዋ እንዲታወቅ ብሎ ነው። ካሴቱ ወደ ፀዳ ከተማ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ሲዘፈን አንዲት አሮጊት «ይህች የመሐንዲሱ የምንይችል እናት አይደለችም? አዝማሪዋ?» አለች። በታክሲው ውስጥ የምንይችልን ሴት ልጅ ለልጃቸው የጠየቁ ሰዎች ነበሩ። ሽማግሌ እንልካለን ያሉበት ቀን ደረሰ፤ ሽማግሌዎቹ ግን ቀሩ። ምንይችል ሾፌሩን ፈልጎ ካሴቱን ከእግሩ ሥር ሰባበረው፤ ከዚያም ሱቄ ድረስ መጥቶ ክሩን ጠየቀኝ። ዛሬ ያስጠራሁት እኔ ነኝ። ተቀመጥ ስለው እምቢ ብሎኝ በሩ ላይ ቆሟል።

ምንይችል፦ «ሐጂ፣ የእናቴን ታሪክ ለጎረቤት ሊተርኩ ከሆነ ሥራ አለብኝ። ክሩን ይስጡኝና ልሂድ።»

ኢምራን፦ «ምነው አንተ ሰው፣ የታመመ ሰው ፊት እኮ ነው የቆምከው!»

ምንይችል፦ «የአንተን እናት ማንም መጫወቻ አላደረጋት። የእኔ እናት ታክሲ ውስጥ ተዘፈነባት!»

አላምረው፦ «አልተዘፈነባትም። ዘፈነች! እንደ እርሷ የዘፈነ ሰው እኔ በዕድሜዬ አልሰማሁም። አንተ ነህ የምታፍርባት እንጂ እኛ አላፈርንባትም።»

ምንይችል ወደ እርሱ ተራመደ። መሪጌታ ተነሥቶ መካከላቸው ገባ። ሃጂራ «በአላህ፣ ቤቴ ውስጥ አይሆንም!» አለች። እኔም ሁለቱ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠብቄ ቃሌን ቀጠልኩ።

ክሩ የምንይችል ነው። ዛሬውኑ፣ እኔ በሕይወት ሳለሁ ይረከብ። ምንም ግዴታ አልጥልበትም፤ ጠብቀው አልለውም፤ ለሌላ አሰማ አልለውም። አገኘሁሽ በእኔ ቤት እንግዳ ነበረች። እንግዳ ትቶት የሄደውን ዕቃ ልጁ ሲመጣ ይሰጡታል እንጂ አይከራከሩበትም።

አላምረው፦ «እንዲህ ካደረግህ ሸክላህንም አልፈልግም! ወልደ ዮሐንስ፣ ጻፈው!»

ተጽፏል። አላምረው ወንድሜ፣ እኔም ክሩን እወደዋለሁ። ሕመሙ ሲበረታብኝ ሃጂራ ማታ ማታ የምትከፍትልኝ እርሱን ነው። የምሰጠው ሳይከብደኝ እንዳይመስልህ።

ሃጂራ ሣጥኑን ከፍታ ክሩን ለምንይችል በእጁ ሰጠችው። እርሱም ከኮቱ ኪስ ክብሪት አወጣና «ሌላ ግልባጭ አለ የሚል እንዳይኖር ምስክር ባለበት ይቃጠል» አለ።

እኔም «የአንተ ነው፤ የወደድከውን አድርግ። እልፍኜ ውስጥ ግን አይሆንም፤ ግቢው ሰፊ ነው» አልኩት።

ወጣ። አላምረው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ ከአልጋዬ ሆኜ ግቢውን ማየት አልችልም፤ መሪጌታ በመስኮቱ ቆሞ ያይልኝ ጀመር። «ክብሪቱን ጫረ» አለ። ቆይቶ «ነፋሱ አጠፋበት» አለ። የወልደ ዮሐንስ ብዕር ብቻ ይሰማ ነበር። ቆይቶ መሪጌታ «ሌላ አልጫረም። ቆሟል» አለ።

ምንይችል ተመልሶ ገባ። ክሩ በእጁ ነው።

«ሐጂ፣ ስትናገርም አለችበት? ወይስ ዘፈኑ ብቻ ነው?»

«አለችበት። ዘፈኑ ሳይጀመር ውሃ ትጠይቃለች።»

ሃጂራ፦ «ያመጣሁላት እኔ ነኝ። ‹እኅቴ፣ ቀዝቃዛ እንዳይሆን፣ ጉሮሮዬን ይይዘኛል› ስትለኝ ይሰማል።»

ምንይችል ያን ጊዜ ተቀመጠ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለ፦ «ፎቶዋ አለኝ። ድምፅዋ ግን ጠፍቶብኛል። ስትጠራኝ እንዴት እንደነበር ላስታውስ ብዬ እሞክራለሁ፤ አይመጣልኝም።» ከዚያም ክሩን እያገላበጠ «ይኼ በምንድን ነው የሚሰማው?» ብሎ ጠየቀ።

ከዚያ አላምረው ፊቱን ከግድግዳው ሳይመልስ «በክር ቴፕ ነው። በግራ በኩል አስገብተህ ጫፉን ወደ ቀኝ ትስበዋለህ። አጥብቀህ እንዳትስበው፤ አርጅቷል» አለ።

ስድስተኛ። ይህን አስቀድሜ አላሰብኩትም ነበር። የክር ቴፑም ለምንይችል ይሁን። በዚህ ከተማ የሚሠራ ሌላ ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ። ከቤተ ሰቤ የሚቃወም ካለ አሁን ይናገር። ያስሚን «የለም፣ አባዬ» አለች። ኢምራንም ራሱን ነቀነቀ።

ወልደ ዮሐንስ፣ እንግዲህ ብዕርህን አኑር። የቀረ ቃል የለኝም። ሃጂራ፣ ቴፑን ወደዚህ አቅርቢውና በሩን ዝጊው።

የጸሐፊው ቃል። ክሩ እስኪያልቅ ድረስ አልጻፍኩም፤ የተናገረም ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ይህ ኑዛዜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአራቱ ምስክሮች ፊት ለተናዛዡ ተነበበላቸው፤ እርሳቸውም «የእኔ ቃል ነው፤ ያልጨመርኩት አልተጨመረበትም» ብለው ፈረሙ። አቶ አላምረውን «ሸክላውን አልፈልግም ያሉት ይሰረዝ ወይ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ያልኩትን ብያለሁ፤ ይኑር። ሸክላውን ግን እወስዳለሁ» ብለዋል። ኢምራን ስለ ክፍሏ እስከዚህ ሰዓት ድረስ መልስ አልሰጠም።

ተናዛዥ፦ ሐጂ ዐብዱልከሪም ከማሉዲን (ፊርማ)

ምስክሮች፦
መሪጌታ ወልደኢየሱስ አድማሱ (ፊርማ)
ወ/ሮ እንኳየሁ ቢረሳው፣ ጎረቤት (የጣት አሻራ)
ወ/ሮ ዙበይዳ ኑርሁሴን፣ ጎረቤት (ፊርማ)
አቶ ፈንታሁን ተገኘ፣ ጎረቤት (ፊርማ)

ጸሐፊ፦ ወልደ ዮሐንስ ምሕረቱ (ፊርማ)

ርክክብ፦ ክሩንና ማጫወቻውን በዛሬው ቀን በምስክሮች ፊት ተረክቤአለሁ። ጸሐፊው የአባቴን ስም ጠይቆኝ፣ በራሴ ፈቃድ እንዲህ ብዬ ፈርሜአለሁ፦

ምንይችል፣ የአዝማሪዋ የአገኘሁሽ ልጅ (ፊርማ)