ስሜ የተጻፈበት ባዶ ቲዩብ

ሰኞ፣ ኅዳር 3 ቀን 2005
…አባቴ ግንባሩን በነጠላ ጠፍሮ «መብራቱን አጥፉልኝ» ይላል። ቀን ነበር እኮ። ዲምቱ ያለው ቤታችን፣ የጣራው ቆርቆሮ በፀሐይ እየተንጣጣ። ከዚያ ያለው ጠፍቶብኛል። በሠላሳ አንድ ዓመቱ ሞተ። ራስ ምታት ነው ተባለ። እኔ አሁን ሃያ ዘጠኝ ነኝ።

ይህን የቀሰቀሰብኝ ስልክ ነው። እህቴን አስቴርን አዲስ አበባ ቀዶ ያከማት ዶክተር ደወለ። ከጭንቅላቷ የወጣው ዕጢ ቁራጭ ለምርመራ ውጭ አገር ተልኮ ነበር። ዘረመሉ ላይ እምብዛም የማይታይ ለውጥ ተገኝቷል። ክፉ ዓይነት ነው፤ ይመለሳል። «በዘር የመጣ ከሆነ የጨረር ሕክምናዋን እንደገና እናስብበታለን» አለኝ። «የሦስታችሁንም ደም ላክ። እስከ ዓርብ።»

አስቴር። እማዬ። እኔ።

ማክሰኞ
ለእማዬ ነገርኳት። እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች። «እሑድ ምስክርነት ሰጥቼ?»

ሰጥታለች። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በወላይትኛ «ዕጢው ከሥሩ ተነቅሏል» ስትል፣ አጠገቧ ቆሜ በማይክ ወደ አማርኛ የተረጎምኩት እኔ ነኝ። የላቦራቶሪ ባለሙያው። ውጤቱ ገና እንዳልመጣ የማውቀው። ጉባኤው ሃሌ ሉያ ሲል ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት።

ረቡዕ
አስቴር ሥራ ቦታዬ መጣች። የተላጨው ፀጉሯ ማቆጥቆጥ ጀምሯል። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው።

«ተርጓሚው» አለችኝ ክንዷን ዘርግታ፣ «መርፌህ ስንት ቋንቋ ይችላል?»

ሳቅኩ። ደሟን ቀዳሁ። ስትወጣ ዞር ብላ «ያንተስ?» አለች። ነገ፣ አልኳት።

ሐሙስ
ዛሬ የቀዳሁት፦ አንዲት ነፍሰ ጡር፣ አንድ መምህር፣ ከቦዲቲ የመጡ ሽማግሌ። የራሴን አይደለም። ለራሴ ደም ባዘጋጀሁት ባዶ ቲዩብ ላይ ስሜን ጻፍኩ፤ ጋዋኔ ኪስ ውስጥ ይዤው ዋልኩ። ለውጡ ከሌለብኝ አስቴር ከበሽታው ጋር ብቻዋን ትቀራለች። ካለብኝ ደግሞ… አባቴ የሞተበት ዕድሜ ላይ ልደርስ ሁለት ዓመት።



ዓርብ
ደሙን የሚወስደው መኪና ስድስት ሰዓት ላይ ይነሳል። አራት ሰዓት ላይ እማዬ ላቦራቶሪው ገባች። ሳልጠይቃት እጅጌዋን ሰበሰበች።

«የአባትህ ታላቅ ወንድምም ብርሃን ይሸሽ ነበር» አለች። «አልነገርኳችሁም።»

ቀዳሁላት። ጥጡን በጣቷ ተጭና ሳጥኑን አየች፤ ሁለት ቀይ ቲዩቦች። ከዚያ ሦስተኛው ቲዩብ ብቅ ያለበትን ኪሴን አየች።

«ታ ናኣው፣ ልጄ፣ ይኼኛው ለምን ባዶ ሆነ?»

«ነገ፣ ነገ ስል ቆየሁ፣ እማዬ።»

«እሑድ ጉባኤው ፊት እንደገና እቆማለሁ፤ ያልኩትን አርማለሁ። አንተም ትተረጉማለህ።»

ተነስታ በሩን ከውስጥ ዘጋችው፤ ከዚያ የእኔንም እጅጌ ሰበሰበች።