በአባባ ደም ውስጥ የቀረው አረፋ

ይድረስ ለናፈቅኸኝ ወንድሜ፦

እንደምን ከርመሃል? ያ ሳልህ ለቀቀህ ወይ? እማማ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ቆማ ትሄዳለች። ልጆቼም አጎታችን መቼ ነው የሚመጣው እያሉ ያደርቁኛል።

በስልክ ያልነገርኩህ ድምፄን ስለማላምነው ነው። አባባ መታመሙን ታውቃለህ፤ የቀረውን ግን እንዳትነግሪው ብሎኝ ነበር። አንተና አባባ በአንድ የእሳት አደጋ መኪና ላይ ስትሠሩ በነበረበት ጊዜ፣ ለልምምድ የምትረጩት ነጭ አረፋ ትዝ ይልሃል? ሁለታችሁም ተነክራችሁ፣ እየተሳሳቃችሁ ነበር ወደ ቤት የምትገቡት። ለካስ እዚያ አረፋ ውስጥ ያለው ኬሚካል ደም ውስጥ ገብቶ ለዓመታት አይወጣም። በአባባ ደም ውስጥ በብዛት ተገኘ። ኩላሊቱ ላይ ደግሞ ዕጢ።

ማስወጫ የለውም ወይ ብሎ ሐኪሟን ጠየቃት። ጉበት ከኬሚካሉ ጥቂቱን ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ይጥለዋል፣ አንጀት ግን መልሶ ይመጠዋል አለችው። ገብስ፣ አጃና ባቄላ ውስጥ ያለው ሆድ የማይፈጨው አሰር ያንን ሐሞት ይዞ በሰገራ ሊያስወጣው ይችላል፤ ግን ጥቂት በጥቂት ነው፣ ዕጢውንም አይነካውም ብላ አስጠነቀቀችን። አባባ የሰማው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ያ ሥጋ ካልቀረበ በላሁ የማይል ሰውዬ፣ ጠዋት አጃ፣ ቀን ገብስ ከባቄላ ጋር ሆነ ምግቡ። “ዕድሜዬን ሙሉ እሳት ሳጠፋ ኖሬ፣ በስተርጅና ደግሞ ገብስ ላጥፋ?” እያለ ያስቀን ነበር። ከሽንት ቤት ሲወጣም “ዛሬም ጥቂት አባረርኩ!” ብሎ ያውጅልናል። እማማ “ኧረ እፈር!” ትለዋለች፤ ፊቷን አዙራ ግን ትስቃለች።

ደሙ እንደገና ሲመረመር መጠኑ ትንሽ ወርዶ ተገኘ። የሐኪሟን እጅ ይዞ አለቀሰ። ታክሲ ውስጥ ለማያውቀው ሾፌር ሳይቀር “ወረደልኝ እኮ!” ይለው ነበር። እኔ ሐኪሟ ኮሪደር ላይ አስቀርታ ስለ ዕጢው የነገረችኝን ውጬ፣ አብሬው ሳቅሁ።

ኋላ ምግብ እምቢ ሲለው እንኳ ማንኪያውን ያዥልኝ ይለኝ ጀመር። ምነው አባባ፣ ይቅርብህ ብለው፣ “ልጄ ሲመጣ ይወርዳል ብዬ ላሳየው ነው እንጂ ለኔማ ምን ሊያደርግልኝ? እሱም እኮ ያን አረፋ ጠጥቷል” አለኝ።

ወንድምዬ፣ በሞቴ ደምህን ተመርመር። ገብሱንም ቢጥምህም ባይጥምህም ብላ።

የአባባን አንሶላ አጥቤ፣ መስኮቱን ከፍቼ፣ ክፍሉን ላንተ አዘጋጅቼዋለሁ። ስትመጣ መንገድ ላይ ብቻህን አትሁን፤ አንድ ባልንጀራህ አብሮህ ይምጣ። ደግሞ አትሩጥ። አሁን የሚያስቸኩልህ ነገር የለም።

አምላክ እግርህን ከእንቅፋት ይጠብቅልኝ፤ ልብህንም ያበርታው።

እህትህ