አሜን ያልሽበት ገብስ

መካነ ሰላም፣ ሰኔ 1967 ዓ.ም.

ውድ አልታዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ብዙዬስ ጠናች? እኔ ደህና ነኝ፣ ተመስገን። ይህን የሚያነብልሽ ዘማች ተማሪ ቀስ ብሎ ያንብብልሽ፤ ስለ ነፍስና ስለ መልአክ ስናወራም አይሳቅ። ጨዋታው የኔና ያንቺ ነው።

በረሃቡ ጊዜ መጠለያው ውስጥ ገንፎ ታማስልልን የነበረችው ነሲባ አቀስታ ገበያ አግኝታሽ ኖሮ ወሬሽን አመጣችልኝ። የገበሬ ማኅበሩ የባለመሬቱን የአቶ ስማቸውን መሬት ሲያከፋፍል ላንቺ ከጎተራቸው በታች ያለውን ማሳ ሰጠሽ አሉ። አንቺ ደግሞ «በእሳቸው እህል ግዝት አለብኝ፣ አልነካውም» ብለሽ እምቢ አልሽ። ሰኔ ገብቷል፤ ሳይዘራ ከሰነበተ ማሳው ለሌላ ሊሰጥ ነው፣ አንቺም ልጅሽን ይዘሽ ዘንድሮም የሰው ደጅ ልትቆሚ ነው። በጣም ተናደድኩ። ጠባዬን ታውቂው የለ።

በክፉው ዘመን እዚህ መጠለያ የገባሽበት ቀን ትዝ ይልሻል? እኔ ቁስል ስጠርግ፣ መድኃኒት ሳድል ነበር የምውለው። የተሰጠሽን ገንፎ ሁሉ ለብዙዬ እያጎረስሽ አንቺ አፍሽን ዘግተሽ ትቀመጪያለሽ። መጀመሪያ የእናት ሆድ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ኋላ ግን እሷ ጠግባ የተረፈውን አጠገብሽ ላሉት ስትሰጪ አየሁና «አንቺ ሴትዮ፣ ይህችን ልጅ ለማን ልትተያት ነው?» ብዬ ጮህኩብሽ። ያኔ ነው ጉድሽን ያወጣሽው።

ባልሽ ከሞተ በኋላ ብዙዬ ለማልቀስ እንኳ አቅም ስታጣ፣ ከአቶ ስማቸው ጎተራ ገብስ በነጠላሽ ቋጥረሽ ወሰድሽ። እሳቸውም መጉደሉን አወቁና ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባትሽን መምሬ ምናለን አስገዘቱ። «ገብሱን የወሰደ፣ የበላ፣ ያበላ፣ አውቆ የደበቀ ውጉዝ ይሁን» ሲባል ሕዝቡ «አሜን» አለ። አንቺም ዝም ብትይ እንዳይነቃብሽ ብለሽ ከሰው እኩል «አሜን» አልሽ።

«በገዛ አፌ ነው ነፍሴን ያሰርኳት» አልሽኝ። «ጠባቂ መልአኬም ያን ቀን ትቶኝ ሄዷል። ይሄ አፍ ከእንግዲህ እህል አይገባውም።»

እኔ ደግሞ ሲስተሮች ያሳደጉኝ ካቶሊክ ነኝ፤ ትምህርቴን በቃሌ ነው የማውቀው፣ ምን አስፈርቶኝ። ልጇ ልትሞትባት የደረሰች እናት ሞልቶ ከተረፈ ጎተራ ብታነሳ ሌባ አትባልም፤ እህልን እግዚአብሔር የፈጠረው ለሁሉ ነው አልኩሽ። መልአክም እንደ ቀን ሠራተኛ አኩርፎ ጥሎ አይሄድም፣ ሰው ሲወድቅማ የባሰ ይጠጋል። ክፉው መንፈስ የፈለገው ተስፋሽን ነው እንጂ ገብሱን አይደለም። ኃጢአትስ ራስሽን በረሃብ መግደልሽ ነው። ነሲባም ከድስቱ አጠገብ ሆና «አብሽሪ፣ ነፍሱ ልትወጣ ለደረሰ ሐራሙም ይፈቀዳል ይላል አባቴ፤ ወንጀል የለብሽም» አለችሽ። አንቺ ግን «የናንተ ለናንተ ነው» ብለሽ ፊትሽን አዞርሽብን። እንዲህ ያለች ደረቅ አይቼም አላውቅ።

መምሬ ምናለን በምን ላምጣልሽ ብዬ ስጨነቅ፣ እሳቸው ራሳቸው በእግራቸው መጡ። ጥምጥማቸው አቧራ ለብሶ የገንፎ ሰልፍ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ረሃቡ ካህን ገበሬ አልለየም። እጃቸውን ይዤ አንቺ ዘንድ አመጣኋቸው፣ እግራቸው ላይ ወድቀሽ ሁሉንም ተናዘዝሽ።

እሳቸውም «ልጄ፣ ከግዝቱ በፊት ያመጣሽልኝ ቂጣ ከዚያ ገብስ ነበር?» አሉሽ።

«አዎ አባቴ። የንስሐ አባቴ ጦማቸውን ሲያድሩ እያወቅኩ እንዴት ብቻዬን ልብላ?»

መሬት ላይ ተቀመጡ። እንባቸው ጢማቸው ላይ ሲወርድ አልጠረጉትም። «እንግዲያው ያሰርኩት ራሴንም ነው» አሉ። «ሳላውቅ ያበላሽኝን ረገምኩ።» ከዚያ መስቀላቸውን አውጥተው «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉና ከራሳቸው ገንፎ በእጃቸው አጎረሱሽ። ዋጥሽው። እኔ ዞር ብዬ አለቀስኩ፤ ነሲባ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች።

አሁን መምሬ አርፈዋል፣ ነፍሳቸውን ይማር። ፈቺዬ ከሞቱ ግዝቱ ይመለሳል ብለሽ ፈርተሽ እንደሆነ እወቂ፤ ካህን የሚፈታው በራሱ ሥልጣን አይደለም፣ በእግዚአብሔር ነው። እሱ ደግሞ አይሞትም። የተማርኩት ይህን ነው፣ መምሬም ቢኖሩ በዚህ አይከራከሩኝም ነበር።

አቶ ስማቸው ሸሽተው ባለቤታቸው እመት ድንቅነሽ ብቻቸውን ቀርተዋል አለችኝ ነሲባ። ገብሱ ሲደርስ ለእሳቸው ቂጣ ጋግረሽ ውሰጂላቸው። ዕዳ ስላለብሽ አይደለም። አሮጊት ናቸው፣ የሚያበላቸው የለም፤ ረሃብን ደግሞ አንቺ ታውቂዋለሽ።

በይ እንግዲህ፣ ዛሬውኑ ወንድምሽን በሬ አስጠምጂና ብዙዬን ይዘሽ ማሳው ላይ ውረጂ። ኅዳር ላይ ቂጣሽን ልበላ እመጣለሁ። እስከዚያው እኔ ካህን ባልሆንም የምልሽን ስሚኝ፦ «ይህን ገብስ የዘራች፣ የበላች፣ ያበላች፣ የተባረከች ትሁን።»

ሰው ፊት አሜን ማለት ታውቂበታለሽ። ተማሪው እየሰማሽ በይ።

እኅትሽ እንቁ