ድስቱ ብቻ የጠገበበት ሰሞን

ለምወድህ ለበኩር ልጄ፤

የማያንቀላፋው ጠባቂ ከአንተ ጋር ይሁን። ከራስ ጠጉርህ እስከ እግር ጥፍርህ እንደምን አለህ? ደረትህን ይዞህ የነበረው ጉንፋን ለቀቀህ ወይ? ሥራውስ፣ የማታ ትምህርቱስ እንዴት ነው? እኛ ቸርነቱ ለማያልቅበት አምላክ ምስጋና ይግባውና፣ ከጉልበቴ ቁርጥማትና ከአንተ ናፍቆት በቀር ደኅና ነን።

ደብዳቤህ ደርሶናል። የማታውን ትምህርት አቋርጠህ፣ የሌሊት ሥራ ጨምረህ፣ ለቤት የምትልከውን ልታበዛ ማሰብህን አነበብሁ። እናትህ ድገመው ብላኝ ደገምሁት። መልሴን ከመስጠቴ በፊት ግን ቤታችን በቅርቡ የሠራውን ሞኝነት ላጫውትህ።

ኑሮ መወደዱ እውነት ነው። የማዕዘኑ ባለሱቅ ዋጋ በጨመረ ቁጥር እጁን ዘርግቶ «ምን ላድርግ አባቴ» ስለሚል፣ እኅትህ «ምን ላድርግ» የሚል ስም አውጥታለታለች፤ ሰፈሩም ሁሉ በዚሁ ይጠራዋል። ዘይት የጨመረ ሰሞን እናትህ ከማዕድ መሸሽ ጀመረች። ምነው ብላት «የግል ጾም ይዣለሁ» አለችኝ። የአጽዋማትን ቀመር ስቆጥር ያረጀሁ ሰው ነኝና ወራቱ የጾም እንዳልነበረ አውቃለሁ፤ ሆኖም ስለት በሰውና በፈጣሪው መካከል ነው ብዬ አልመረመርኋትም። ይባስ ብዬ፣ ድርሻዬ ለእኅትህ ይትረፍ በማለት እኔም «ጾም ነኝ» አልሁ። እኅትህ ደግሞ ከልብስ ስፌቱ ስትመለስ «አትቸገሩ፤ ከሥራ ቦታ በልቼ ነው የመጣሁት» ትለናለች።

በዚህ ዓይነት ሦስታችን ስንራብ ድስቱ ብቻ ጠግቦ ያድር ነበር። አንድ ማለዳ እናትህ ክዳኑን ብታነሣው ምስሩ ኮምጥጦ ጠበቃት። እንቆጥባለን ብለን የተውነውን ልንደፋው ሆነ። ድስቱን እንደያዘች መሐል ቤት ቆማ «ለመሆኑ በዚህ ቤት የሚበላ ማን ነው?» ብላ ጮኸች። እኅትህ እኔን አየች፤ እኔ ጣሪያውን አየሁ። እኅትህ ቀስ ብላ «አባባ፣ ይህ ጾምዎ መቼ ይሆን የሚፈታው?» ብትለኝ፣ ያ ሁሉ ቀመር ጠፋብኝና ሳቅ አመለጠኝ። ሦስታችንም ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን፤ ባዶ ሆድ ሲስቅ እንዴት እንደሚያም አልነግርህም።

ከዚያ ወዲህ ሁላችን ሳንቀመጥ ድስት አይከፈትም። እናትህ መጠኑን ለክታ ስለምትሠራ የሚደፋ የለም፤ ማገዶውም አብሮ ቀነሰ። ዘይቱንና ሽንኩርቱን ከጎረቤታችን ከዳቦ ጋጋሪዋ ጋር በጅምላ ገዝተን እንካፈላለን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ አይደል? «ምን ላድርግ» ቅር ብሎት ሰላምታውን አሳጥሯል፤ ምን እናድርግ! ማታ ማታ በአንድ መብራት ሥር እንሰበሰባለን፤ እኅትህ ትሰፋለች፣ እኔ ድምፅ አውጥቼ መጽሐፍ አነብባለሁ፣ እናትህ በሁለታችን ላይ ትፈርዳለች። ጎድሎብን አናውቅም ብል እዋሻለሁ፤ የጎደለውን አብረን ማወቃችን ግን አቅልሎልናል።

እንግዲህ ልጄ፣ ነገሬ እዚህ ላይ ነው። በደብዳቤህ ግርጌ «ስለ እኔ ምግብ አታስቡ፤ ከሥራ ቦታ እበላለሁ» ብለሃል። ይህን ሳነብ እናትህ ዞር ብላ እኅትህን አየቻት፤ እኅትህም አንገቷን ደፋች። ይህን ቃል እናውቀዋለን።

ስለዚህ የአባትነት ቃሌን ስማ። ትምህርትህን አታቋርጥ፤ የሌሊቱ ሥራ ይቅርብህ። የምትልከውን አትጨምር፤ እንዲያውም ከእርሱ ቀንሰህ እራትህን ብላበት። ጾም የሚያምረው የተራበ ሲበላበት ነው፤ የአንተ ረኀብ ግን እንደ እኛው ረኀብ ድስት እንጂ ሰው አያጠግብም።

እናትህ ጉንጭህን ትስምሃለች። እኅትህ ናፍቆቷ ብዙ ነው፤ ሸሚዝ እየሰፋችልህ ስለሆነ የአንገትህን ልክ ላክላት፤ ሳትጨምርበት፣ እውነቱን። ዳቦ ጋጋሪዋም፣ «ምን ላድርግ»ም ሳይቀር፣ ሰላም ብለውሃል። አብሮህ ለሚኖረው ጓደኛህ የአባት ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ማታ መብላትህንም እርሱ ይጻፍልን፤ የአንተን ምስክርነት ለጊዜው አልተቀበልንም።

አባትህ

ከቤትህ፣ ከማዕዱ አጠገብ፤
እሑድ፣ ሁላችንም በልተን ከተነሣን በኋላ።